ዲ4 ላይ የቆመችው ወታደር
የቼዝ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ላይ ካለፈው የአማተሮች ውድድር ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ ስለ ፈረንሳይ መከላከያ ናቸው፤ ነጩ ኢ4 ሲል ጥቁር ኢ6 ብሎ የሚመልስበት መክፈቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዱን ጨዋታ ሰፋ አድርጌ አያለሁ፤ የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እመልሳለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ የሰሌዳውን ቋሚ መስመሮች ከነጩ ተጫዋች ግራ ጀምረን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እንላቸዋለን። አግድሞቹ ከነጩ በኩል ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ሰሌዳ ያላችሁ አውጡ። በቃል መከተልም ይቻላል፣ ግን ያደክማል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነህ? ነዋሪነቴ ሳቢያን ነው። በውድድሩ ሦስተኛ ዙር ላይ ጥቁር ይዤ ገና በአሥረኛው እርምጃ ንግሥቴን ተበላሁ። ተጋጣሚዬ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጨዋታው እንዲህ ነበር፦ 1. ኢ4 – ኢ6፤ 2. ዲ4 – ዲ5፤ 3. ኢ5 – ሲ5፤ 4. ሲ3 – ፈረስ ሲ6፤ 5. ፈረስ ኤፍ3 – ንግሥት ቢ6፤ 6. ቢሾፕ ዲ3። እዚህ ላይ ዲ4 ላይ ያለችው ወታደር ነፃ መሰለችኝ። በሲ5 ወታደሬ በላሁ፤ 7ኛው ላይ በሲ3 ወታደሩ መልሶ በላኝ። እኔም በፈረሴ ዲ4ን ደገምኩ። በ8ኛው በፈረሱ ፈረሴን በላ፣ እኔ በንግሥቴ ፈረሱን በላሁ። አንድ ወታደር አተረፍኩ ብዬ ቀና ስል፣ 9. ቢሾፕ ቢ5፣ ቼክ! በቢሾፕ ዲ7 ከለልኩ፣ ንግሥቴን በላ፣ እኔም ቢሾፑን በላሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ታገልኩ፣ ግን አልሆነም። ስልኬ ላይ ያለው የቼዝ ፕሮግራም 7ኛው ላይ "ቢሾፕ ዲ7 ነበር" ይላል። ለእኔ ዝም ብሎ የቆመ ቢሾፕ ነው የሚመስለኝ። ምን ይሠራል? ደግሞ ጓደኞቼ ፈረንሳይን ተወው፣ ለአማተር አይሆንም ይሉኛል። አንተስ ምን ትላለህ?

መልስ፦ አቦ፣ መጀመሪያ አይዞህ። በዚህች ወጥመድ ንግሥቱን ያላስበላ የፈረንሳይ ተጫዋች ብዙ አላውቅም። ጨዋታህን ደግሞ ከዳኞች ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ አይቼዋለሁ። የጣሪያው ቬንቲሌተር ወረቀት እያስነሳ ስላስቸገረህ የበላኸውን ወታደር የጨዋታ ወረቀትህ ላይ ጭነህ ነበር። ልጁ ቢሾፑን ዲ3 ላይ አስቀምጦ ሰዓቱን ከመታ በኋላ ሰሌዳውን አላየም፤ መስኮት መስኮቱን ነው ያየው። አንተ በፈረስህ ዲ4ን ስትበላ ግን ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ከተተ። ደስታው እጁን እንዳያስቸኩለው ነው። እንዲህ የሚያደርግ ልጅ ወጥመዷን ቤቱ አጥንቷት ነው የመጣው።

ወደ ነገሩ እንግባ። አንተ ምን ቆጠርክ? ዲ4ን የሚያጠቁ ሁለት አሉኝ አልክ፤ ሲ6 ላይ ያለው ፈረስና ቢ6 ላይ ያለችው ንግሥት። የሚጠብቃት አንድ ነው፣ ኤፍ3 ላይ ያለው ፈረስ። ሁለት ለአንድ ከሆነ ትበላለች። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ልክ ነው። ከሒሳቡ የቀረችው ዲ1 ላይ ያለችው የነጩ ንግሥት ናት። በዲ መስመር ቀጥ ብላ ዲ4ን ልታይ ትችል ነበር፣ ግን ዲ3 ላይ የራሷ ቢሾፕ ጋርዷታል። አንተም ከነመኖሯ ረሳሃት።

ቢሾፑ ዞር ካለ ታያለች። በባዶ ዞር ቢል ምንም አልነበረም፤ ተራው ያንተ ስለሚሆን ንግሥትህን ታሸሻለህ ወይም የሱን ትበላለህ። ይሄኛው ግን ቼክ እያለ ነው የሚሄደው። ቼክ ሲባል ሌላ ሥራ የለም። ንጉሥህን ታድናለህ፣ ንግሥትህ ትበላለች።

ቼኩስ ከየት መጣ? ንጉሥህ ኢ8 ላይ ነው። ከእሱ ተነስና በሰያፍ ዲ7፣ ሲ6፣ ቢ5 እያልክ በጣትህ ሂድ። ዲ7 ላይ የነበረችው ወታደር ገና በሁለተኛው እርምጃ ወደ ዲ5 ሄዳለች። የቀረው ከለላ ሲ6 ላይ ያለው ፈረስህ ብቻ ነበር። ዲ4ን ለመብላት የተነሳው ደግሞ እሱ ነው። በሩን የከፈተው የራስህ ፈረስ ነው ማለት ነው። ልጁ ከቢሾፕ ዲ3 በኋላ መስኮት ያየው ይህን ሲጠብቅ ነው።

አሁን 7ኛው ላይ ፈረሱን ተውና ቢሾፕህን ዲ7 ላይ አስቀምጥ። "ዝም ብሎ የቆመ" ያልከው ቢሾፕ ያንን ሰያፍ ዘጋው። ከዚህ በኋላ በፈረስ ዲ4ን ብትበላ፣ በፈረሱ ቢበላህ፣ በንግሥት መልሰህ ብትበላ፣ እሱም እንደለመደው ቢሾፕ ቢ5 ቢል ቼክ አይደለም። ንግሥቱን ዲ1 ላይ ትበላለህ። በሩክ ወይም በንጉሥ ይበላሃል። ቢሾፕህ ደግሞ ቢ5 ላይ ያለውን ቢሾፕ ይበላል። ሙሉ ቢሾፕ አተረፍክ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ አንድ እርምጃ ለዝግጅት ስታውል ዲ4 ላይ ያለህ ዛቻ እውነተኛ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። መጀመሪያ ሲ5 ላይ ባለው ወታደር ዲ4ን በላ፣ ይበላህ፤ ከዚያ ነው ቢሾፕ ዲ7። 6ኛው ላይ ሳትበላ ቢሾፕ ዲ7 ካልክ፣ ነጩ በዲ4 ወታደሩ ሲ5ን ይበላና የምታጠቃት ወታደር ራሷ ከቦታው ትጠፋለች። ኢላማህ ሄደ ማለት ነው።

ከ7. ... ቢሾፕ ዲ7 በኋላ ነጩ ማሰብ አለበት። ቢሾፑን ወደ ኢ2 ቢመልስ ንግሥቱ ዲ4ን ታያለች፤ ወታደሯም ተጠበቀች። ግን ቢሾፑን ሁለቴ አንቀሳቅሶ አንድ እርምጃ አቃጠለ። አንተ የጂ8ን ፈረስ በኢ7 በኩል አድርገህ ወደ ኤፍ5 ታመጣዋለህ፤ ዲ4ን የሚያጠቃ ሦስተኛ ይሆናል። ይሄ ለጥቁር ምቹ ጨዋታ ነው።

ሌላው ምርጫው ግድ ሳይሰጠው በአጭሩ ካስል አድርጎ (ንጉሡን ሁለት ቤት ወደ ሩኩ ወስዶ ሩኩን በላዩ አሻግሮ) "ብላት" ማለት ነው። ይሄ ሚልነር-ባሪ ጋምቢት ይባላል፤ ጋምቢት ማለት ለጥቃት ሲባል ወታደር መስጠት ነው። ስቱዋርት ሚልነር-ባሪ እንግሊዛዊ ተጫዋች ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሌችሊ ፓርክ ገብተው የጀርመኖችን የሚስጥር ኮድ ከፈቱት አንዱ ነው። ወጥመድ ቢወድ አይገርምም። እንግዲህ ብላት። 8. ካስል – ፈረስ ዲ4ን ይበላል፤ 9. ፈረስ ፈረስ ይበላል – ንግሥት ትበላለች፤ 10. ፈረስ ሲ3። አሁን አንድ ወታደር ትርፍ አለህ። ኢ5 ላይ ደግሞ ሌላ ወታደር ያለ ጠባቂ ቆማ ታይሃለች።

እሷን ተዋት! በንግሥትህ ኢ5ን ብትበላ 11. ሩክ ኢ1 ብሎ ያባርርሃል። ንግሥትህን ወደ ቢ8 ብታሸሻት ፈረሱ ዲ5 ላይ ያለችውን ወታደርህን ይበላል፤ አንተም በኢ6 ወታደርህ መልሰህ መብላት አትችልም፤ ሩኩ ከንጉሥህ ጋር በአንድ መስመር አስሯታል። ወደ ዲ6 ብትሄድ ደግሞ ፈረሱ ቢ5 ላይ ዘሎ እንደገና ያሯሩጥሃል። ስለዚህ 10ኛው ላይ ኤ6 በል። ትንሽ እርምጃ ናት፣ ፈረሱን ከቢ5 ትከለክላለች። ቀጥለህ ፈረስህን በኢ7 አውጣ፣ ንጉሥህን አስጠጋ፣ ያተረፍካትን አንድ ወታደር ይዘህ ወደ መጨረሻው ጨዋታ ውረድ። እኔ ለአማተር የምመክረው ይህን ነው፦ የመጀመሪያዋን ብላ፣ ሁለተኛዋን ተው።

ንግሥትህ ከሄደች በኋላ ስለተጫወትከውም አንድ ነገር ልበል። እጅ አለመስጠትህን ወድጄዋለሁ። ቢ5 ላይ ቢሾፑን ስትበላ ቢሾፕህ እስከ ኤፍ1 ድረስ ያይ ነበር፤ ያ ማለት ነጩ በአጭሩ ካስል ማድረግ አይችልም። ልጁ ይህን አይቶ ወዲያው ፈረስ ሲ3 ብሎ ቢሾፕህን አጠቃ። አንተ ወደ ሲ6 ሸሸህ፣ ሰያፉንም ለቀቅክለት። ወደ ኤ6 ብትሸሽ ያው ኤፍ1ን እያየህ ትቆይ ነበር። ንግሥት የሌለው ሰው ያሸንፋል እያልኩ አይደለም። ግን የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ንጉሡ መሃል ላይ ሲቀርና ሰዓቱ ሲያጥር እጁ ይንቀጠቀጣል። እንዲያስብ ማስገደድ ነበረብህ።

አሁን ወደ ጓደኞችህ። ፈረንሳይ ለአማተር አይሆንም የሚል ሰው ፈረንሳይን በግማሽ የሚጫወት ሰው ነው። ኢ6 ይላል፣ ዲ5 ይላል፣ ከዚያ ሲ5ን ይረሳታል። በየውድድሩ የማየው ይሄንን ነው። ቤቱን ቆልፎ ቁጭ ይላል፤ ነጩ ኢ5 ላይ ወታደሩን ተክሎ፣ ቁራጮቹን ሁሉ ወደ ንጉሡ አዙሮ፣ ተረጋግቶ ሜት ያደርገዋል፤ ማለት ንጉሡን ማምለጫ አሳጥቶ ያሸንፈዋል። ከዚያ "መክፈቻው ደካማ ነው" ይባላል። መክፈቻው ምን አደረገ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ3. ኢ5 በኋላ ነጩ ዲ4ና ኢ5 ላይ የወታደር ሰንሰለት አለው። የሰንሰለቱ ጫፍ ኢ5 ነው፣ ሥሩ ዲ4 ነው። የቼዝ ተጫዋችና ጸሐፊው አሮን ኒምዞቪች ከሁሉ በላይ አጥብቆ ያስተማረው ሰንሰለት ከሥሩ እንደሚመታ ነው። አንተ ሲ5፣ ፈረስ ሲ6፣ ንግሥት ቢ6 ያልካቸው እርምጃዎች ሁሉ ዲ4 ላይ የተነጣጠሩ ናቸው። እስከ ስድስተኛው ድረስ በጣም ጥሩ ተጫውተሃል! በኋላ ደግሞ ኤፍ6 ብለህ ጫፏን ትነካለህ። በፈረንሳይ መከላከያ ውስጥ ጥቁር የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ምቶች ነው። እነሱን የሚረሳ ሰው እውነትም ሌላ መክፈቻ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የፈረንሳይ እውነተኛ ችግር ወጥመዷ አይደለችም፤ የሲ8 ቢሾፕ ነው። ኢ6 ላይ ያለችው የራሱ ወታደር በመጋላ ጠባብ መንገድ ላይ ቆማ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ እንዳስቆመች ባጃጅ ትሆንበታለች። መውጫ አለው ግን። አንዳንዴ ከዲ7 ወደ ቢ5 ወጥቶ ከነጩ ጥሩ ቢሾፕ ጋር ይለዋወጣል። አንዳንዴ ቢ6 ብለህ በኤ6 በኩል ታወጣዋለህ። ኤፍ6ን ካልክ በኋላ ደግሞ በኢ8 በኩል ወደ ኤች5 የሚዞርበት ጊዜ አለ። ይህን ቢሾፕ ምን እንደምታደርገው ሳታውቅ ወደ መሃል ጨዋታ አትግባ።

ነጩ ሁልጊዜም 3. ኢ5 አይልም። እኛ ሰፈር ብዙ ሰው 3ኛው ላይ ዲ5ን በልቶ ይለዋወጥና አቻ ይፈልጋል። አትናደድ። በኢ6 ወታደርህ መልሰህ ስትበላ ያ የታሰረው ቢሾፕ በነፃ ተፈታልህ። ሰሌዳው እኩል ነው፤ የሚያሸንፈው የበለጠ የሚታገሰው ነው።

ትልልቆቹን ካነሳን፣ ምሥራቅ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ኡልማን ለኢ4 ፈረንሳይን እንደ ብቸኛ መልሱ ይዞት ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ቪክቶር ኮርችኖይም ብዙ ተጫውቶታል። ሚካኤል ቦትቪኒክ በ1960 እ.ኤ.አ. ከታል ጋር ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲገጥም በመጀመሪያው ጨዋታ ፈረንሳይን አውጥቶ ተሸነፈ። ከዚያ ወደ ካሮ-ካን ዞረ። ቦትቪኒክም ተሸንፎበታል፤ አንተ ለምን አትሸነፍም?

ከውድድሩ በኋላ አንድ ታዳጊ "ስሙ ፈረንሳይ የሆነው ከሽመንደፈር ጋር ስለመጣ ነው?" ብሎ ጠይቆኛል። ለድሬ ልጅ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ፈረንሳይ የሚል ነገር ሁሉ በባቡሩ የመጣ ይመስለናል። አይደለም። ስሙ የወጣው በ1834 እ.ኤ.አ. የፓሪስና የለንደን የቼዝ ክለቦች በደብዳቤ ሲጋጠሙ ፓሪሶች ለኢ4 ኢ6 ብለው መልሰው ስላሸነፉበት ነው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ኢ6 ብዙ ይቀድመዋል።

እንግዲህ አትተወው። 6. ቢሾፕ ዲ3 ላይ ያለውን ሰሌዳ ደርድረህ ከጓደኛህ ጋር በሁለቱም በኩል ተጫወተው። እሱ ጋምቢቱን ይሞክር፣ አንተ ኤ6 በል። ከዚያ ቀለም ተቀያየሩ። በሚቀጥለው ውድድር ያ ልጅ ሲደርስህ መስኮቱን አንተ ታያለህ።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው። ካስል ላደርግ ሁለቱንም በሁለት እጄ ያዝኩ፤ መጀመሪያ የነካሁት ሩኩን ነበር። ዳኛው ካስል አይሆንም፣ ሩኩን አንቀሳቅስ አለኝ። ይሄ ሕግ ነው ወይስ የሱ ጠባይ?

መልስ፦ ሕግ ነው። ካስል የንጉሥ እርምጃ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ንጉሡ ነው። ሆን ብለህ ሩኩን ቀድመህ ከነካህ በዚያ ተራ በዚያ በኩል ካስል ማድረግ አትችልም፤ ሩኩ መሄድ ከቻለ እሱን ታንቀሳቅሳለህ። ደግሞ እርምጃ ሁሉ በአንድ እጅ ነው የሚደረገው። የሁለት እጅ ነገር ተው።

ቁራጭ ጠምሞብህ ማስተካከል ብቻ ከፈለግክ፣ ከመንካትህ በፊት ተናገር። ሕጉ "ጃዱብ" የምትለዋን የፈረንሳይኛ ቃል እንደ ምሳሌ ያስቀምጣል፤ "ላስተካክል ነው" ብትልም ያው ነው። ተራህ ሲሆን ብቻ ነው ታዲያ። ከዚራ ላይ አብሮን የሚጫወት የሽመንደፈር ጡረተኛ አለ፣ እሱ "ጃዱብ" ሲል ተጋጣሚው ፈርቶ እጁን ይሰበስባል። ነክቶ ከጨረሰ በኋላ ስለሚላት ግን ማንም አይቀበለውም።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጅ አለችኝ። አሰልጣኟ የሲሲሊ መከላከያን እስከ አሥራ ምናምነኛ እርምጃ በቃሏ እንድትይዝ ሰጥቷታል። ቤት ስትገባ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ታነበንበዋለች፣ ውድድር ላይ ግን ሌላው ልጅ ያልተጠበቀ እርምጃ ሲጫወት ደንግጣ ታለቅሳለች። አንተ ስለ ፈረንሳይ ብዙ ስለምትጽፍ ወደዚያ ላዙራት?

መልስ፦ እህቴ፣ አታዙሪያት። ለጊዜው ከሁለቱም አውጪያት። ሲሲሊ ማለት ለኢ4 በሲ5 መመለስ ነው፤ በትልልቅ ውድድሮች ከሁሉም በላይ የሚታየው መልስ እሱ ነው። ግን የአሥር ዓመት ልጅ የምትገጥመው ሌላ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ያ ልጅ ደግሞ መጽሐፉን አላነበበም። በአራተኛው እርምጃ ንግሥቱን ያወጣል፣ የልጅሽ ጥናት እዚያው ያበቃል። ማልቀሷ አይገርምም፤ የሸመደደችው ሌላ፣ የመጣው ፈተና ሌላ።

ለኢ4 ኢ5 ብላ ትመልስ። ፈረስና ቢሾፕ ታውጣ፣ ቶሎ ካስል ታድርግ፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት "አሁን ምን ሊበላብኝ ነው?" ብላ ትጠይቅ። በቀረው ጊዜ ንጉሥና ሩክ ይዛ ባዶ ንጉሥን ሜት ማድረግ ትማር፤ ንጉሥና አንድ ወታደር ይዛ ማንገሥ ትማር። እነዚህን የምታውቅ ልጅ መክፈቻው ቢበላሽባትም መመለሻ አላት። ፈረንሳይን ሲ5 ለምን እንደሚባል በራሷ አንደበት ማስረዳት ስትችል አምጫት። ለአሰልጣኙ ደግሞ በፍቅር ንገሪው። ክፋት የለውም፣ ቸኩሎ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ሰባ አልፏል፣ የሐረር ሰው ነኝ። አባቴ በልጅነቴ ስለ ድሮው ሰንጠረዥ ያወራኝ ነበር፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ይጫወቱ ነበር ይለኝ ነበር። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። እውነት ነው ወይስ አባቴ ቀልዶብኛል?

መልስ፦ አባትዎ አልቀለዱም፤ የልጅ ልጆችዎን ይህን ያስነብቧቸው። የእኛ ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት ትልቁ ነገር እሱ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ወረራ ይባላል። ሁለቱም ሳይጠባበቁ፣ እንደፈለጉት በፍጥነት ቁራጮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው ወረራው አብቅቶ ተራ በተራ የሚሆነው። አንዱ እጅ ሲያነሳ ሌላው ዓይኑ እዚያ ነው፤ የሱን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይቀይራል።

ቁራጮቹም ይለያሉ። በንግሥት ፋንታ ፈርዝ አለ፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። በቢሾፕ ፋንታ ፊል አለ፤ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። መደቅ፣ ማለት ወታደሩ፣ ሲነሳ ሁለት ቤት መሄድ አይችልም። ሰሌዳውም እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ ሳይሆን ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነበር። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በታሪኩና በሕጉ ላይ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል፤ አንባቢ የልጅ ልጅ ካለዎት ይፈልግልዎ።

እኔን የሚገርመኝ እንዲህ ያለ ጨዋታ ውስጥ የፈረንሳይ መከላከያ የሚባል ነገር ሊኖር አለመቻሉ ነው። መከላከያ የሚኖረው ሌላው ተጫውቶ አንተ ስትመልስ ነው። በወረራ ማን ቀደመ፣ ማን መለሰ አይባልም። ቤትዎ ውስጥ የአባትዎ ሰሌዳ ወይም ቁራጭ ካለ እባክዎ አይጣሉት፤ ፎቶውን ቢልኩልን እናትመዋለን።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ዙር ላይ ሰዓቴ አለቀ። ተጋጣሚዬ የቀረው ንጉሥና አንድ ፈረስ ብቻ ነው፤ እኔ ንጉሥና ሁለት ወታደር ነበረኝ። በፈረስ ብቻ ሜት አይደረግም ብዬ አቻ ጠየቅሁ። ዳኛው ተሸንፈሃል አለኝ። የት ልክሰስ?

መልስ፦ የትም አትክሰስ፣ ዳኛው ልክ ነው። ሰዓት ያለቀበት ሰው አቻ የሚያገኘው ተጋጣሚው በየትኛውም የተፈቀደ የእርምጃ መንገድ ሜት ማድረግ ካልቻለ ብቻ ነው። አንተ ባዶ ንጉሥ ብቻ ቢኖርህ ኖሮ፣ አዎ፣ አቻ ነበር። ወታደር ስላለህ ግን የራስህ ወታደር የንጉሥህን ማምለጫ ሊዘጋ ይችላል። ጥቁር ነህ እንበል፦ ንጉሥህን ኤ1፣ ወታደርህን ኤ2፣ የሱን ንጉሥ ሲ2፣ ፈረሱን ቢ3 ላይ አስቀምጥ። ሜት ነው። ሰው ወዶ እዚያ አይገባም ትለኛለህ፤ ሕጉ ግን ይቻላል ወይ ነው የሚለው፣ ትገባለህ ወይ አይልም። ሁለቱን ወታደሮች አስበልተህ ብትገላገል ኖሮ ግማሽ ነጥብ ታገኝ ነበር።